ልጅሽ ብትጠይቅሽ ምን ትያታለሽ?

ስለ ጦርነት ሲወራ የሚቆጠረው የተያዘው ከተማና የተማረከው መሣሪያ ነው። ከእሳቱ ተርፋ ልጆቿን ያሳደገች እናት ጎጆዋን እንዴት መልሳ እንደ ቀለሰች የሚጠይቃት ግን እምብዛም የለም። በባምባሲ ገበያ ከጎኔ ባሚያ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ፤ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ እርሳቸው ነው።

ትውልዳቸው ከሱዳን ወገን፣ ከኩርሙክ አካባቢ ነው። የበርታ ሕዝብ በድንበሩ ወዲያና ወዲህ በዝምድና የሚኖር ስለ ሆነ፣ አሶሳ ለእርሳቸው የሩቅ አገር አልነበረችም። በ2003 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ በሱዳን ብሉ ናይል ግዛት ውጊያ ሲከፈት አንቶኖቭ አውሮፕላኖች በመንደሮች ላይ ቦምብ ይጥሉ ጀመር። ሰዉም ጉድጓድ እየቆፈረ ከነልጆቹ ይደበቅ ነበር። እኚህ እናት ጨቅላ ሴት ልጃቸውን አዝለው፣ ሁለቱን እየጎተቱ፣ ሌሊት ሌሊት ተጉዘው ድንበሩን ተሻገሩ። ከብቶቹን ላምጣ ብለው የተመለሱት ባለቤታቸው ግን እንደ ወጡ ቀሩ።

በ2004 ዓ.ም. በባምባሲ በተከፈተው መጠለያ ገቡ። ከቀለባቸው ቆጥበው ጥቂት ቡና ገዙና ጀበና ጣዱ። ቀጥሎም ከአንድ የአገሬው ገበሬ መሬት በእኩል ይዘው ባሚያ ዘሩ። እኔም በ1977ቱ ድርቅ በልጅነቴ ከወሎ መጥቼ የሰፈርኩ ነኝ፤ ያን ጊዜ ባሚያ አድርቆ ማስቀመጥን ለእናቴ ያስተማሯት የበርታ ሴቶች ነበሩ። ስለዚህ የእኚህ እናት ጉዳይ የባዕድ ጉዳይ አይመስለኝም።

ታዲያ ጓዳው ሲሞላ ልብ ወዲያው አይሞላም። ወደ አሶሳ የሚሄደው የመንገደኛ አውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ እኚህ እናት ዕቃቸውን ጥለው ይጎነበሳሉ። ታዝላ የመጣችው ልጅ ዛሬ ለአቅመ ሔዋን እየደረሰች ነው፤ በሰው ፊት በእናቷ ታፍራለች። «ለምን አይነግሯትም?» ብላቸው፣ «ፍርሃቴን እንዳላወርሳት ብዬ ነው» አሉኝ።

እኅቶቼ፣ ይህ የብዙ እናቶች ሐሳብ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት እልቂት የተረፉ ብዙ አይሁዳውያንም ለልጆቻቸው ሳይናገሩ ዓመታት ኖረው፣ አንደበታቸው የተፈታው ሸምግለው ለልጅ ልጆቻቸው ነው። ነገር ግን ልጅ ዝምታንም ይወርሳል፤ ምክንያቱን ያላወቀውን ፍርሃት ደግሞ ወይ ያፍርበታል፣ ወይ ይስቅበታል።

ስለዚህ እንንገራቸው። በአንድ ቀን ሁሉንም አናፍስስባቸው፤ እንደ ዕድሜያቸው እየመጠንን፣ በቀን ብርሃን፣ ሥራ እየሠራን እናጫውታቸው። የደረሰውን መከራ ስንነግራቸው ውኃ ያቀበለንን፣ መሬት ያካፈለንን ሰውም አንርሳ።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ሌላ ጦርነት ተነሥቶ ብዙ እናቶች እንደ ገና በኩርሙክ በኩል ገብተዋል። ገበያ ላይ ከጎናችሁ ቢቀመጡ ጠጋ በሉላቸው።