የገና ዛፉ በነሐሴ ይውጣ

የፕላስቲክ የገና ዛፍዎ አሁን የት ነው? ካርቶኑ ውስጥ ታጥፎ ቁም ሳጥን ላይ ከሆነ እስከ ታኅሣሥ አይጠብቁት። በውጭ አገር ዱባና ሸረሪት ሰቅለውበት ለሃሎዊን ደግመው የሚያቆሙት ቤተሰቦች አሉ። በሃሎዊን ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ ከረሜላ ይቀበላሉ። እኛ ደግሞ ነሐሴ 13 ቡሄ አለን፤ የሚሰጠውም ሙልሙል ነው።

ዛፉ ለምን ደጋግሞ እንደሚያስፈልግ ለልጆችዎ ማሳየት ከፈለጉ በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ ሲጓዙ ኮን ላይ ትንሽ ይቁሙ። የዋድላ ወረዳ ከተማ ናት፤ ደጋ ስለሆነች ጃኬት ይያዙ። አካባቢውን ሲቃኙ በየመንደሩ ባሕር ዛፍ ያያሉ። ያረጀ ጥድ ግን የሚያገኙት ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው፤ ያቆየውም የቅጥሩ ክብር ነው። ለአንድ ሳምንት ጌጥ ተብሎ ጥድ መቆረጡ ለእኔ አይዋጥልኝም። ፕላስቲኩም ቢሆን በየዓመቱ አዲስ ከተገዛ ቆሻሻ ማብዛት ነው። አንዴ የተገዛው እስኪያልቅ ይሥራ።

ለቡሄ ሲያዘጋጁት ኳሶቹንና ጥጡን ያውርዱ (የኮን የክረምት በረዶ እንደሆነ ጥጥ አይመስልም፣ አናት ይመታል)። ትንንሽ ሙልሙል በወረቀት ጠቅልለው በሪባን ይስቀሉ። ሆያ ሆዬ የጨፈሩት ልጆች እየመረጡ ያውርዱ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ነሐሴ 16፣ የላስታ ልጃገረዶች ለምለም ቄጤማ ወገባቸው ላይ አስረው ለአሸንድዬ ይወጣሉና ሴት ልጅዎ ቅርንጫፎቹን በአረንጓዴ ሪባን ታስጊጥ። ዝናብ ስለማይቀር ዛፉን በረንዳ ላይ ያቁሙት፤ የኤሌክትሪክ መብራቱንም እርጥበት ከማይደርስበት ያርቁ።