ትንሹን ማስተማር ትንሽ ሥራ አይደለም

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እያልን ያደግን ሰዎች ነንና፣ ከልጅ ጋር የሚውለውን መምህር እንዲሁ ለእራት እንደማይበቃ አድርገን ማየት ልማዳችን ሆኖ ኖሯል። የመጻሕፍት መምህር ሲመጣ ከመቀመጫችን እንነሣለን፤ የቅኔው መምህር ሲያልፍ ነጠላችንን እናደገድጋለን፤ ፊደል የሚያስቈጥረውን ግን «እንደምን ዋልህ» ብለን እናልፈዋለን። ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም። ከሁሉ አስቀድሞ እንዲህ ያደረግሁ እኔ ራሴ ነኝና፣ የራሴን በደል ልናገር አስቤ ነው።

እኔ የተማርሁት እንደ አባቶቼ ነው። በ6 ዓመቴ አባቴ እጄን ይዞ ወደ ንባብ ቤት ወሰደኝ። በስንደዶ ፊደሉን እየነካሁ ሀሁን ቈጠርሁ፤ ቀጥሎ አቡጊዳን፣ ከዚያም መልእክተ ዮሐንስን በግዕዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ፣ በመጨረሻም ዳዊትን ደገምሁ። የመጀመሪያው መምህራችን ደግ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን ከጉልበታቸው አጠገብ አለንጋ አይታጣም ነበር። ኋላም ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቼ፣ ከውሻ ጋር እየታገልሁ ቁራሽ ለምኜ በዋሸራ ቅኔ ተማርሁ። ከዚያ ወዲህ በምኖርባት ከተማ በአንድ ደብር ሳገለግል፣ ከማኅሌቱ በተረፈኝ ጊዜ በቅጥሩ ውስጥ ባለች ጎጆ ለሰፈሩ ልጆች ፊደል ሳስቈጥር ብዙ ዓመት ኖርሁ። ይህንንም ሥራ እንደ ጽድቅ እንጂ እንደ ዕውቀት አልቈጥረውም ነበር። ጕሮሮና አለንጋ ከበቂ በላይ ይመስሉኝ ነበርና።

ሁለተኛዪቱ ልጄ 10ኛ ክፍልን ጨርሳ በመምህራን ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመረቀች፤ በአንድ መዋዕለ ሕፃናትም ገብታ ታስተምር ጀመር። 5 ዓመት ከሠራች በኋላ አንድ ቀን፣ «አባባ፣ በክረምት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ዲግሪ ልማር ነው» አለችኝ። «ምን ልትማሪ?» ብላት፣ «ያንኑ፤ የሕፃናትን አስተዳደግና ትምህርት» አለችኝ። ሣቅ አመለጠኝ። «ሀሁ ለማስቈጠር ዲግሪ? እኔ ያለ ዲግሪ ስንቱን አስቈጥሬ የለምን? ከተማርሽስ ሕግ ወይም የሒሳብ አያያዝ ተማሪ» አልኋት። በዚያን ጊዜ ገና ጡት የተወች ልጅ ነበረቻት። እኔም በቍጣ፣ «የሰው ልጅ ለማሳደግ የራስሽን ልጅ ጥለሽ ትሄጃለሽን?» ብዬ ጨመርሁባት። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል። እርስዋ ግን አንገቷን ደፍታ ሰምታ፣ ልጅዋን ለእናትዋ አደራ ሰጥታ፣ በሐምሌ መባቻ ጭቃውን እየረገጠች ሄደች። እንዲህም እያለች 4 ክረምት ተመላለሰች።

በየዓመቱ በነሐሴ መጨረሻ ስትመለስ ደብተሮችዋን ይዛ ትመጣ ነበር። እኔም መጀመሪያ ለመንቀፍ ያህል፣ ኋላ ግን ወድጄ፣ በቡና ሰዓት አስነብባት ጀመርሁ። ከደብተርዋ የሰማሁትን ጥቂት ልንገራችሁ። ፍሪድሪክ ፍሮብል የሚባል ጀርመናዊ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል ከተማ ለታናናሽ ልጆች የጨዋታና የሥራ ቤት ከፈተ፤ በ1840ም ስሙን ኪንደርጋርተን፣ ማለት የልጆች የአትክልት ስፍራ፣ ብሎ ሰየመው። መምህሩ አትክልተኛ ነው፤ ተክሉን ያጠጣዋል፣ ይኰተኵተዋል እንጂ ቶሎ እንዲያድግ ብሎ ወደ ላይ አይጐትተውም። የፕሩስያ መንግሥት ይህን ቤት ፈርቶ በ1851 ዘጋው፤ ፍሮብልም በማግሥቱ ዓመት ሞተ፤ ክልከላው የተነሣው በ1860 ነው። ስለ ሕፃናት ጨዋታ መንግሥት እንዲህ መጨነቁ ቢያስደንቀኝም፣ ነገሩ ትንሽ እንዳልሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ደግሞ ማሪያ ሞንቴሶሪ የምትባል ኢጣልያዊት ሐኪም በ1907 በሮም ከተማ ሳን ሎሬንዞ በሚባለው የድኾች ሰፈር ለሕፃናት ቤት ከፍታ፣ ፊደልን ከሻካራ ወረቀት ቈርጣ ልጆቹ በጣታቸው እየዳሰሱ እንዲያውቁት አደረገች። በ1934 በወጣትነቱ የሞተው ሩስያዊው ሌቭ ቪጎትስኪ ደግሞ፣ ልጅ ብቻውን የማይችለውን ነገር የሚያውቅ ሰው ሲረዳው ሊችለው እንደሚጀምር፣ ትምህርትም የሚገባው በዚያች ጠባብ በር እንደ ሆነ አስተማረ። ይህን ስሰማ፣ «ይህስ የቅኔ ቤት ሥርዓት ነው!» ብዬ ጮኽሁ። የቅኔ መምህር መጀመሪያ ባለ 2 ቤት ጉባኤ ቃና ያቀብላል፤ ተማሪው ወደ ዱር ወጥቶ በዛፍ ሥር ቈጥሮ የራሱን ይዞ ይመለሳል፤ መምህሩም የተሰበረውን ያቀናለታል፤ እንዲህ እያለ ደረጃ በደረጃ 8 ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። በመጀመሪያው ቀን መወድስ አምጣ የሚለው የለም። ልጄም ፈገግ ብላ፣ «አባባ፣ ጢም ላወጣው ተማሪ እንዲህ ያለ ትዕግሥት ካላችሁ፣ ለ5 ዓመቱ ሕፃን ስለ ምን አለንጋ ሆነ?» አለችኝ። መልስ አላገኘሁም።

ከሁለተኛው ክረምት በኋላ አንድ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። አንድን ልጅ 10 ቀን ተቀምጦ ማየትና ያዩትን ብቻ መጻፍ ነው። «ሰነፍ ነው» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው፤ «ዓይኑን ከገጹ አንሥቶ በመስኮት ወፍ አየ» ብሎ መጻፍ ግን ይገባል። እኔ እስከዚያ ድረስ ስለ ስንቱ ልጅ የመጀመሪያውን ፍርድ እንደ ፈረድሁ፣ ሁለተኛውን ግን አንድ ቀንም እንዳላየሁ አሰብሁ። እርስዋም በእኔው ጎጆ ጥግ ላይ ተቀምጣ፣ ድምፁ ያማረውን፣ እኔም አብልጬ የማመሰግነውን የ5 ዓመት ልጅ ታይ ጀመር። ይህ ልጅ ከሀ እስከ ፐ ሳያቋርጥ ያወርድልኝ ነበር። በ6ኛው ቀን ወረቀት በስታ፣ በገጹ ላይ ደፍታ፣ በቀዳዳው አንዲት ፊደል ብቻ እንድትታይ አድርጋ «ይህች ማን ናት?» አለችው። ልጁ ዝም አለ። ቀዳዳውን ወደ ሌላ ፊደል ብታዛውረውም ዝም አለ። በመጨረሻም ዓይኑን ጨፍኖ ከሀ ጀምሮ ማዜም ጀመረ።

«አባባ፣ ይህ ልጅ ዜማውን እንጂ ፊደሉን አላወቀም» አለችኝ። ተቈጣሁ፤ ነገር ግን እርስዋ ከሄደች በኋላ ወረቀቱን ወስጄ ሌሎቹን ሞከርኋቸው። ከ17ቱ ልጆች ፊደሉን ለብቻው ያወቁት 4 ብቻ ነበሩ። በማግሥቱ ነገሩን ብነግራት አልተመካችብኝም። «አቡጊዳ የተሠራው እኮ ለዚህ ነው፤ አባቶች ልጁ በዜማ እንዳያታልላቸው ፊደሉን አዘበራርቀው አቅርበውለታል። እርስዎ አቡጊዳን በጥድፊያ እያለፉት ነው እንጂ፣ መፈተኛው ድሮም በእጅዎ ነበር» አለችኝ። እውነትዋን ነው። አቡጊዳን ልማድ ነው ብዬ በዜማ አስብዬ አልፈው ነበር። የአባቶቼን ጥበብ ትቼ አለንጋቸውን ብቻ ወርሼ ኖሯል።

ከዚህ የባሰው በሦስተኛው ክረምት መጣ። ከደብተርዋ ስታነብልኝ፣ ግራ እጁን የሚያስቀድም ልጅ ተፈጥሮው እንጂ ክፋቱ እንዳልሆነ፣ በግድም ወደ ቀኝ መመለስ እንደማይገባ የሚናገር ቃል ደረሰች። «እስቲ ድገሚው» አልኋት፤ ደገመችው። ያን ጊዜ ከ20 ዓመት በላይ የሆነው ነገር ትዝ አለኝ። አንድ ልጅ ስንደዶውን ዘወትር በግራው ይይዝ ነበር። እኔም ግራ የርግማን ወገን ነው እያልሁ ጣቶቹን በአለንጋ እመታው ነበር። በቀኙ ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ፊደሉን ይስታል፤ ስለ ሳተም ደግሞ እመታዋለሁ። አንድ ቀን ሸሽቶ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ እኔም ሆነ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት አልተመለሰም። ዛሬ በእህል ገበያ ተሸካሚ ነው። በዕድራችን ስብሰባ ስሙ ሲጠራ መጥቶ በግራ እጁ አውራ ጣት ይፈርማል። ስንደዶ እንዳይዝ የከለከልኋት እጅ ያቺ ናት። ስንት ዓመት ሲፈርም እያየሁት ነገሩን አላስተዋልሁትም ነበር።

እንግዲህ ዲግሪው ለምን እንደሚያስፈልግ ከእኔ በላይ ምስክር የለም። ልጄ በዩኒቨርሲቲ የተማረችው ፊደል አይደለም፤ ፊደልን ሁሉም ያውቃል። የተማረችው ልጅን ነው፤ አካሉና ንግግሩ እንዴት እንደሚያድጉ፣ በጨዋታ እንዴት እንደሚያስብ፣ የሚፈራውና የማይሰማው፣ የማያየውም ልጅ እንዴት እንደሚታወቅ፣ ከጭቃ፣ ከበቆሎ ቆረቆንዳና ከጠርሙስ ክዳን መማሪያ እንዴት እንደሚሠራ፣ ከእናትና ከአባት ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ። አንድ ጎልማሳ በመምህሩ ቢበደል ሌላ መምህር ይፈልጋል፤ ሕፃን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የተነገረውን ሁሉ ስለ ራሱ የተነገረ እውነት አድርጎ ይቀበለዋል። ስለዚህ ከሁሉ የሠለጠነው መምህር የሚያስፈልገው ለመጨረሻው ሳይሆን ለመጀመሪያው ክፍል ነው።

ይህ ማለት ግን ወረቀቱ ብቻውን ይበቃል ማለት አይደለም። ለእድገት ብቻ ብሎ ተምሮ፣ ልጆቹን በሰው እጅ ትቶ የሚውል አይጠፋም። ደግሞም የወላጆችን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ልጄ ትሠራበት በነበረው ቤት አንዳንድ ወላጆች፣ «ልጃችን 4 ዓመት ሆኖት እንግሊዝኛ አይጽፍም፤ ሲጫወት ይውላል፤ ለዚህ ነው የምንከፍለው?» እያሉ ከሰሷት። እርስዋ ጨዋታው ትምህርቱ እንደ ሆነ ብታስረዳም፣ አለቃዋ ከወላጆቹ ጋር ቆመ፤ እርስዋም ያን ቤት ትታ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ሄደች። ከዲግሪው በኋላ የተጨመረላት ደመወዝም ጥቂት ነው። እኛ በቃል ሕፃናትን እናከብራለን፤ መምህራቸውን ግን በደመወዝም በመቀመጫም ዝቅ እናደርጋለን።

መንግሥት በ2002 ዓ.ም. ስለ ሕፃናት አስተዳደግና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ አውጥቶ፣ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጋር «ኦ ክፍል» የሚባለው ተከፍቷል፤ ታላላቆቹ ልጆች ታናናሾቹን በጨዋታ የሚያስተምሩበትም ሥርዓት ተደንግጓል። ይህ በንባብ ቤት ዳዊት ደጋሚው ለፊደል ቈጣሪው ሲያስቀጽል ከኖረው ልማዳችን ጋር አንድ ነው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲም ከ1ኛ ክፍል በፊት 2 ዓመት የቅድመ አንደኛ ትምህርት አስቀምጧል። ክፍሉ ሲበዛ መምህሩ ካልሠለጠነ ግን፣ የእኔን ጎጆ በየመንደሩ ማብዛት ይሆናል።

ልጄ የተመረቀች ዕለት ካባዬን ደርቤ ሄድሁ። ከጎኔ የተቀመጠ አንድ የከተማ ሰው፣ «የኔታ፣ ልጅዎ በምን ተመረቀች?» ሲል ጠየቀኝ። ከ4 ዓመት በፊት ቢሆን «በመምህርነት» ብዬ በደፈናው አልፈው ነበር። ያን ቀን ግን ቃሉን ሳልቈርጥ፣ «ሕፃናትን በማስተማር» አልሁት። እርሱም «እህ» ብሎ ዝም አለ። የእርሱ «እህ» የእኔ የቀድሞው ሣቅ እንደ ሆነ ስለማውቅ አልተቀየምሁትም።

ከዚያ በኋላ በአንድ ማታ ወደ እህል ገበያ ወርጄ ያንን ተሸካሚ ፈለግሁት። ጆንያውን አውርዶ፣ «የኔታ፣ በደኅና?» ብሎ ተነሣልኝ። በደሌን ነግሬ ይቅርታ ለመንሁት። ብዙ ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፣ «እኔ እኮ ፊደል የማይገባኝ ፍጥረት ነኝ ብዬ ነበር የኖርሁት» አለኝ። ማታ ማታ እየመጣህ ተማር ብዬው 2 ሌሊት መጣ፤ ከዚያ ድካሙ በርትቶበት ቀረ። ያጠፋሁትን መመለስ እንዲህ ቀላል አልሆነልኝም። ነገር ግን የ5 ዓመት ልጅ እንዳለው፣ እርሱም እንደ አባቱ ግራኝ እንደ ሆነ፣ እንዳይመታበት ፈርቶም ከቤት እንዳስቀረው ነገረኝ። ልጁን ወስጄ ለልጄ ሰጠኋት።

እናንተ ካህናትና የከተማችን አዋቂዎች ሆይ፤ ጌታችን ሕፃናትን የከለከሉትን ደቀ መዛሙርት እንደ ገሠጸ ዘወትር እናስተምራለን። እንግዲህ ወንድ ልጃችሁ ወይም ሴት ልጃችሁ «ሕፃናትን ለማስተማር ዩኒቨርሲቲ ልግባ» ቢሉአችሁ እንደ እኔ አትሣቁ፤ ስንቅ ቋጥሩላቸው፤ ልጃቸውንም ያዙላቸው። እኔም አለንጋዬን ትቻለሁ፤ በስፍራውም ያችን የተበሳች ወረቀት አኑሬአለሁ።