አምባዛ በሃይፋ ወደብ አጠገብ

የሃይፋን ወደብ ብዙዎቻችን የምናውቀው በትላልቅ መርከቦቹና በክሬኖቹ ነው። እንግሊዞች በ1933 ከከፈቱት ከዚህ ወደብ በስተምሥራቅ የዓሣ አጥማጆች ጀልባዎች የሚታሰሩበት ቦታ አለ። የቂሾን ወንዝ ከባሕር የሚገናኘው እዚያ ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት የሲሣራን ሠራዊት ጠርጎ የወሰደው፣ ነቢዩ ኤልያስም የበኣልን ነቢያት ያወረደበት ወንዝ ይኸው ነው። ስሙ ትልቅ ቢሆንም ወንዙ ግን ትንሽ ነው፤ ክረምት ላይ ከርብና ከጉማራ ጋር አይወዳደርም።

ከወደቡ ርቀን ወደ ላይ፣ ውኃው ጨው ወደሌለበት ስንሄድ፣ የምናውቀው ዓሣ ይገኛል። ጭንቅላቱ ጠፍጣፋ፣ ገላው ረዥምና ሙልጭልጭ፣ በአፉ ዙሪያ ስምንት የጢም ክሮች ያሉት፣ የጣናው አምባዛ ነው። የአምባዛ ዘመድ አይደለም፣ ራሱ ነው። በዕብራይስጥ ስፋምኑን ይባላል፤ ሳፋም ማለት ሪዝ ነውና።

ይህን ዓሣ ከአፍሪካ በመርከብ ጭኖ ያመጣው የለም። ከደቡብ አፍሪካ እስከ ደቡብ ቱርክ ድረስ በተፈጥሮው የሚኖር ነው። ከ1900 ዓመት በፊት የነበረው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፉስም በኪኔሬት ዳር በቅፍርናሆም ስላለ ምንጭ ሲጽፍ፣ በእስክንድርያ አጠገብ ካለው ሐይቅ ዓሣ ጋር የሚመሳሰል ዓሣ ስለሚገኝበት፣ አንዳንዶች ምንጩን የዓባይ ጅማት ነው ይሉ እንደነበር ይነግረናል። ብዙዎች ያ ዓሣ አምባዛ ነው ይላሉ።

በአገራችን ክረምት ገብቶ የፎገራና የደምቢያ ሜዳ ውኃ ሲተኛበት፣ አምባዛ ከሐይቁ ወጥቶ በሣሩ መካከል እንቁላሉን ይጥላል። እንቁላሉ በአንድ ቀን ገደማ ይፈለፈላል፤ ጫጩቶቹን ግን እናትም አባትም አይጠብቃቸውም። ውኃው ሲሸሽ ጭቃ ውስጥ የቀረው ዓሣ ወዲያው አይሞትም። ከስንጥቡ በላይ ቅርንጫፍ ያለው ዛፍ የሚመስል አካል ስላለው አየር ይተነፍሳል። ሌሊት በጎን ክንፎቹ እሾህ እየተደገፈ በእርጥብ መሬት ላይ እየተሳበ ሌላ ውኃ ይፈልጋል። እዚህ ዝናቡ የሚመጣው በብርድ ወራት ነው፤ አምባዛ ደግሞ ለመራባት ሞቅ ያለ ውኃ ስለሚሻ ብርዱ እስኪያልፍ ይጠብቃል።

አምባዛን አንበላም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብሉ ይላል፤ እርሱ ክንፍ እንጂ ቅርፊት የለውም። ይህን እዚህ መጥተን ከራቢዎች የተማርነው አይደለም፤ ወላጆቻችን በጣና ዙሪያ ሳሉ የሚያውቁት ነው። አንዳንድ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም በዚሁ ምክንያት አይነኩትም ነበር። ልጆቻችን ይህን ከአያቶቻቸው አፍ ቢሰሙት ደስ ይለናል። ቅርፊት ያለው ቆሮሶ ግን እዚህም በየገበያው አምኑን ተብሎ ይሸጣል።

ሆኖም ቆሮሶም ቢሆን ከቂሾን የወጣውን ለማዕድ አንመክርም። ፋብሪካዎች ለብዙ ዓመታት መርዛቸውን የለቀቁት በዚህ ወንዝ ነው። በውኃው የሠለጠኑ የባሕር ኃይል ጠላቂዎች በካንሰር በመታመማቸው፣ በ2000 በቀድሞው የከፍተኛው ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት በመኢር ሻምጋር የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን ተሰይሟል። ከዚያ ወዲህ ወደ ወንዙ የሚለቀቀው ቆሻሻ ተቀንሷል፤ ከወለሉም የተመረዘ ደለል ተጠርጓል።

መንጠቆ ይዘው ለሚወርዱ ጎረምሶች ግን አንድ ነገር እንንገራቸው፤ የአምባዛ የጎን ክንፍ እሾህ እጅ ይወጋልና፣ ሲመልሱት ከጭንቅላቱ በስተኋላ ይያዙት።