«እኔ ዘንድ ይሠራል»

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አነስተኛ የሶፍትዌር ላይብረሪ ጽፌ ነበር። ላይብረሪ ስል መጻሕፍት የሚደረደሩበትን ቤት ማለቴ አይደለም፤ ለብቻው የማይሠራ፣ ሌሎች ፕሮግራሞች ግን የሚገለገሉበት የኮድ ስብስብ ማለቴ ነው። የእኔው ተግባሩ አንድ ነበር፤ ይኸውም «ፀሐይ» ተብሎ የተጻፈውንም «ጸሀይ» ተብሎ የተጻፈውንም በአንድ ፍለጋ ማግኘት። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ቁጥሩ ግን ሀ እና ሐ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ አንድ መሆናቸውን አይናገርም።

ለግንባታው የመረጥሁት ሲሜክን ነው። ሲሜክ እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ በአሜሪካ ለሕክምና ምስሎች ማቀነባበሪያ ሶፍትዌር ሲባል የተጀመረ መሣሪያ ነው። ራሱ ኮድ አያጠናቅርም፤ በአንድ ፋይል የሰፈረውን መግለጫ አንብቦ ለሊኑክስ፣ ለዊንዶውስ ወይም ለማክ የሚስማማውን የግንባታ ትእዛዝ ያዘጋጃል እንጂ።

በእኔ ኮምፒውተር ላይ ሁሉም አማረ። ስሕተት የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። አንድ ወዳጄ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት የቆዩ መዝገቦችን የሚፈልግ ፕሮግራም ያዘጋጅ ነበርና ላክሁለት። በሦስተኛው ቀን ደወለልኝ።

«ላይብረሪው ያለ ችግር ተገንብቷል፤ ከፕሮግራሜ ጋር ሳያይዘው ግን ሊንከሩ የማላውቃቸውን ስሞች እየዘረዘረ የሉም ይለኛል» አለኝ።

«እኔ ዘንድ ይሠራል» አልሁት።

«ታዲያ እኛ ዘንድ የሌለ፣ አንተ ዘንድ ያለው ምንድን ነው?»

ጥያቄው ልክ ነበር፤ እኔ ግን ጥፋቱን በእርሱ ዊንዶውስ ላይ ስደፈድፍ አንድ ሳምንት አለፈ። በመጨረሻ ፋይሌን ከፍቼ አየሁት። ላይብረሪዬ አይሲዩ በተባለ ሌላ ላይብረሪ ላይ ይደገፋል። ይህን ድጋፍ ግን በላይብረሪው መግለጫ ላይ አላሰፈርሁም፤ ለራሴ መሞከሪያ ፕሮግራም ብቻ በእጄ ጨምሬለት ኖሯል።

ጉድለቱ ቀድሞ ያልታየበት ምክንያት አለው። ስታቲክ የሚባለው ዓይነት ላይብረሪ የተጠናቀሩ ፋይሎች በአንድ ከረጢት ሲታሰሩ የሚገኝ ነው። አሳሪው የጎደለ ነገር መኖሩን አይመረምርም። የጎደለው የሚታወቀው ሌላው ሰው ከራሱ ፕሮግራም ጋር ሊያያይዘው ሲሞክር ነው። ሲሜክ ለዚህ መፍትሔ ያበጀለት አንድ ትእዛዝ አለ፤ ላይብረሪህ በምን ላይ እንደሚደገፍ አንድ ጊዜ በግልጽ ከጻፍህ፣ ሸክሙ ተጠቃሚው ሳይጠየቅ ወደ ሊንከሩ ይተላለፋል። የእኔ ጥፋት የታረመው በአንድ መሥመር ነው።

ውድ አንባቢ፣ ያን ምሽት ወደ ሐሳቤ የመጡት አዋጆቻችን ናቸው። አዋጅ ሲጸድቅ እንደ እኔ ላይብረሪ ያለ ስሕተት ያልፋል፤ እጅ ይወጣል፣ ይጨበጨባል፣ በነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል። የሚደገፍበት ደንብ፣ መመሪያ፣ በጀትና ሠራተኛ መኖር አለመኖሩን በዚያች ሰዓት የሚመረምር የለም። ጉድለቱን የሚያገኘው ወረቀቱን ይዞ መስኮት ላይ የቆመው ባለጉዳይ ነው። «መመሪያው ገና አልወጣም» ይባላል፤ ወይም «ጉዳዩን የሚያውቀው ሰው ስብሰባ ላይ ነው»። አዋጁን ያወጣው ክፍል ሲጠየቅ ደግሞ መልሱ የታወቀ ነው፤ «እኛ ዘንድ ይሠራል»።

ዋጋውን የሚከፍለው ምንጊዜም የመጨረሻው ሰው ነው። ያን ሳምንት የከፈለው ወዳጄ ነበር፤ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ሥራዬን ከመላኬ በፊት ምንም ነገር ባልተጫነበት ባዶ ማሽን ላይ እገነባዋለሁ፤ የረሳሁትን ሁሉ እዚያ አየዋለሁ። አዋጅ የሚያወጡልን ሰዎችስ፣ ለአንድ ቀን እንኳ፣ ማንንም የማያውቅ ባለጉዳይ ሆነው መስኮቱ ላይ ቢቆሙ ምን ነበረበት?

ቸር እንሰንብት።