የጋራ መስመር የጋራ ዘብ ያሻዋል



የጋራ የሆነ ነገር ሁሉ ጠባቂ ይሻል። የሰፈር ቦኖ ተራ አስከባሪ ከሌለው ቀድሞ የደረሰው ጀሪካኑን ሲደረድር አቅመ ደካማው ባዶ እጁን ይመለሳል። የወል ግጦሽም ጠባቂ ካጣ ሁሉም እንዳሻው ከብቱን ይለቅበትና መሬቱ ይራቆታል። ኢንተርኔትም በአንድ መስመር ለብዙ ሰው ሲመጣ ከዚህ የተለየ ጠባይ የለውም። የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ፋየርዎል እንዲሆን የመረጥነውም ስለዚሁ ነው።

ፋየርዎል ቃል በቃል ሲፈታ የእሳት ግድግዳ ማለት ነው። ስሙ የመጣው ከግንበኞች ሲሆን፣ በአንዱ ቤት የተነሣ እሳት ወደ ጎረቤቱ እንዳይዛመት በመካከል የሚቆመውን ግንብ ያመለክት ነበር። የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ስሙን ሲወርሱት አለምክንያት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1988 ሮበርት ሞሪስ የተባለ የአሜሪካ ተማሪ የለቀቀው ራሱን በራሱ የሚያባዛ ፕሮግራም በአንድ ሌሊት 6,000 ያህል ኮምፒዩተሮችን እንዳሽመደመደ ተገምቷል። በዚያን ጊዜ በኢንተርኔት የተያያዙት በጠቅላላው 60,000 ገደማ ነበሩ። እሳቱ ከቤት ቤት የተዛመተው በመካከል ግድግዳ ስላልነበረ ነው።

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነውና፣ ጎንደርን ለሚያውቅ ሰው ከፋሲል ግቢ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ግቢውን የከበበው ግንብ 900 ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው በሮቹ 12 ናቸው። ነገር ግን በሩ ሁሉ ለሁሉም አልነበረም። እምቢልታ በር የሙዚቀኞቹ፣ ባልደራስ በር የፈረሰኞቹ አለቃ፣ ወምበር በር የዳኞቹ ነበር። ኮምፒዩተርም እንዲሁ ባለብዙ በር ግቢ ነው። በሮቹ ፖርት ይባላሉ፤ ከ0 እስከ 65,535 ድረስ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ቁጥር 443 በምስጢር ተቆልፎ የሚመላለስ ድረ ገጽ የሚያልፍበት ነው። ቁጥር 53 የድረ ገጽን ስም ወደ አድራሻ ቁጥር የሚለውጠው አገልግሎት በር ነው። ቁጥር 25 የኢሜይል ማመላለሻ፣ ቁጥር 445 ደግሞ የዊንዶውስ ፋይል መጋሪያ ነው። ፋየርዎል እንግዲህ በነዚህ በሮች ላይ ቆሞ «ከየት መጣህ? ወዴት ትሄዳለህ? በየትኛው በር?» እያለ የሚጠይቅ ዘብ ማለት ነው።

ይህን በቃል ማውራት ቀላል ነው። እኛ ግን ለማስተማር ልምምድ ወደ ጭልጋዋ አይከል በሄድንበት ወቅት በተግባር አይተነዋል። በአንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎቹ ኮምፒዩተሮች፣ የመምህራኑ ስልኮችና የተማሪዎች ውጤት የተመዘገበበት የቢሮ ኮምፒዩተር ሁሉም በአንድ መስመር ተያይዘው አገኘናቸው። በመካከላቸው ምንም ዘብ የለም። አንዱ ማሽን ቢታመም ሌላውን ለማዳረስ የሚያግደው አልነበረም። ስለዚህ በርእሰ መምህሩ ፈቃድ ጥግ ላይ የተጣለ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ አነሣን፤ ሦስት የኔትወርክ ካርድ ሰካንበት፤ ሊኑክስ ጫንንበት። አንዱ ካርድ ወደ ውጭው መስመር፣ ሁለተኛው ወደ ተማሪዎቹ ክፍልና ወደ መምህራኑ ዋይፋይ፣ ሦስተኛው ወደ ቢሮው ሆነ።

ሥራችንን ቆመው ይመለከቱ የነበሩት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ «ልጆቼ፣ ይኼ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁን። «ጋሼ፣ እንደ እርስዎ በር ጠባቂ ነው» አልናቸው። ጥቂት አሰቡና «ታዲያ የሚገባውን ብቻ ነው የሚያይ ወይስ የሚወጣውንም? እኔ እኮ የሚወጣውንም እፈትሻለሁ» አሉን። እውነትም ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ብዙ ሰው ፋየርዎል ሲባል ከውጭ የሚመጣን ጠላት ብቻ ያስባል። በቫይረስ የተያዘ ኮምፒዩተር ግን ሌሎችን የሚበክለውም፣ የሰረቀውን የሚያስተላልፈውም ከውስጥ ወደ ውጭ እየወጣ ነው።

የጻፍነው ሕግ በአጭሩ ይህን ይመስላል። አንደኛ፣ ከውጭ ሳይጠራ የሚመጣ ሁሉ አይገባም። ሁለተኛ፣ ከውስጥ ለተጠየቀ ጥያቄ የሚመጣ መልስ ይገባል፤ ዘቡ ማን ምን እንደጠየቀ ስለሚያስታውስ መልሱን ለይቶ ያውቀዋል። ሦስተኛ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ለድረ ገጽ በ80 እና በ443፣ ለስም ፍለጋ በ53፣ ለሰዓት ማስተካከያ በ123 ብቻ ይወጣል። አራተኛ፣ ከተማሪዎቹ ክፍል ወደ ቢሮው ምንም አያልፍም። አምስተኛ፣ ዘቡን ራሱን ማዘዝ የሚቻለው ከአንድ ከታወቀ ኮምፒዩተር ብቻ ነው። በመጨረሻም ያልተፈቀደ ሁሉ ክልክል ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። ዘቡ ሕጉን የሚያነበው ከላይ ወደ ታች ነው፤ የመጀመሪያውን የሚስማማ ሕግ ሲያገኝ እዚያው ይወስናል። «ሁሉም ክልክል» የሚለውን ከላይ ብናደርገው ከታች ያለው ፈቃድ ሁሉ ከንቱ ነው። ይህንኑ ለተማሪዎቹ ሆን ብለን ገልብጠን አሳየናቸው፤ ወዲያው ሁሉም ገጽ ቆመ፤ ስንመልሰው ሠራ። ከረጅም ንግግር ይልቅ ይህ ገባቸው። ሁለተኛው የመብራት ነገር ነው። በቀጥታ የተሰጠ ትእዛዝ የሚቀመጠው በጊዜያዊ ማስታወሻ ላይ ስለሆነ መብራት በሄደ ቁጥር አብሮ ይጠፋል። ሕጉ በፋይል ተጽፎ ማሽኑ ሲነሣ ራሱ እንዲያነበው ካልተደረገ ዘቡ በማግስቱ በር ከፍቶ ይተኛል።

ታዲያ ፋየርዎል ካለ ሥጋት የለም ማለት ነው? አይደለም። በአንድ ስዊች ላይ ያሉ ኮምፒዩተሮች እርስ በርስ ሲነጋገሩ በዘቡ በኩል አያልፉም፤ ቢሮውን በሦስተኛ ካርድ የለየነውም ለዚህ ነው። በፍላሽ ተሸክመን ያስገባነውን ቫይረስም ዘቡ አያየውም። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ445 በር እየገባ በ150 አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን ሲቆልፍ፣ ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ካወጣ ሁለት ወር አልፎት ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሳያድሱ ቆይቶ ኋላ መጮህ ምን ዋጋ አለው?

ከቴክኒኩ ይልቅ ያከራከረን ግን ሌላ ነው። ከመካከላችን አንዳችን «ቴሌግራምን እንዝጋው፤ ተማሪ ጊዜውን ያጠፋበታል» አለ። ሌላው «ማስታወሻና የፈተና ጥያቄ የሚለዋወጡትስ በምን ሆነና?» ሲል መለሰ። ክርክሩ የጦፈው የተዘጋ በር ምን እንደሚመስል ሁላችንም ስለምናውቅ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቆይ እኛ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሉ ተፈታኝ በኦንላይን መሰጠት ጀመረ። መስመር ለተማሪ ቅንጦት አለመሆኑን የተማርነው እንዲህ ነው።

ስለሆነም በሦስት ነገር ተስማማን። ቴሌግራም አይዘጋም፤ በትምህርት ሰዓት ግን ለክፍሉ የሚደርሰው የመስመር መጠን ለሁሉም እኩል ይከፈላል። የተዘጋውና የተከፈተው በር ዝርዝር ከነምክንያቱ በአማርኛ ተጽፎ በኮምፒዩተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ በር የተዘጋበት ተማሪ ወይም መምህር «ለምን?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። ዘቡ የሚይዘው መዝገብም ለጥገና እንጂ ለሐሜት አይውልም። ማን የትኛውን ገጽ አየ እያሉ ማውራት ነውር ብቻ ሳይሆን፣ አገራችን በ2016 ዓ.ም. ባወጣችው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መንፈስም አይደገፍም።

ውድ እጩ መምህራን! ነገ የምንመደብበት ትምህርት ቤት ባለሙያ ላይኖረው ይችላል። አሮጌ ኮምፒዩተር፣ ሁለት ወይም ሦስት የኔትወርክ ካርድና ጥቂት ትዕግሥት ግን ብዙ ጊዜ አይታጡም። ከሁሉ በላይ መያዝ ያለብን ልዩነት አንድ ነው፦ በር የሚጠብቅ ሌላ፣ በር የሚዘጋ ሌላ። የሚጠብቀው ሕጉን በአደባባይ ይለጥፋል፤ ሲጠየቅም ይመልሳል። መምህር የሚሆን ሰው የትኛው ዘብ መሆን እንዳለበት ከወዲሁ ይምረጥ።