ቢዮ አዋሌን ፍለጋ

ዛሬ ጠዋት ከድሬዳዋ ገጠር ቀበሌዎች የተሰበሰበ ዝርዝር በፓይተን ፕሮግራም ሳጣራ «ቢዮ አዋሌ» የሚለውን የቦታ ስም ፈለግኩ። ከጠበቅኩት ግማሹ እንኳ አልወጣም።

ዝርዝሩን ወርጄ በዓይኔ ሳየው አንዱ «ቢዮአዋሌ» ብሎ ገጥሞታል፤ ሌላው «ቢዮ ዓዋሌ»፤ አንዱ ደግሞ በድሮው ልማድ «ቢዮ፡አዋሌ»።

ለእኛ ያው ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን አ፣ ኣ፣ ዐ እና ዓ አራት የተለያዩ ፊደላት ናቸው።

ስለዚህ በሬጉላር ኤክስፕሬሽን፣ ማለትም በጽሑፍ መፈለጊያ ንድፍ፣ እንዲህ ጻፍኩ፦

ቢዮ[ ፡]*[አኣዐዓ]ዋሌ

ቅንፉ «ከእነዚህ አንዱ» ማለት ነው፤ ኮከቧ ደግሞ «ኖረም፣ አልኖረም፣ ተደጋገመም»። ሁሉም ተለቅመው ወጡ። ደስ ሲል!

ፊደሎቹን አስቀድሞ ወደ አንድ መቀየር ይቀላል የሚሉ አሉ። እኔ ግን ሰው የጻፈውን ስም መነካካት አልወድም፤ ፍለጋው ይስፋ እንጂ።

እናንተስ፣ የሰፈራችሁ ስም በስንት ዓይነት ተጽፎ አጋጥሟችኋል?