ካሴት ፍለጋ



ለመውሊድ ፕሮግራማችን መንዙማ በስልክ ቀዳን። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ግን ልጅ ሆነን ቤት የሰማነውን አልመስል አለን። የካሴቱ «ሽሽሽ» ማለት፣ የድቤው መታፈን ናፈቀን። አሮጌ ቴፕ ፍለጋ መርካቶ ወረድን።

ያገኘነው ቴፕ ላስቲኩ ላልቶ ድምፅ ይጎትት ነበር። ጠጋኙ ላስቲኩን ቀየረ፤ ሄዱን በአልኮል ጠረገልን። አዲስ ካሴት ስላጣን፣ ከአንድ ወንድማችን ቤት የመጣች ምንም ያልተጻፈባት የ60 ደቂቃ ካሴት ይዘን ነበር። ባዶ ናት ብለን ልንቀዳባት ስንል ጠጋኙ «መጀመሪያ ስሟት» ብሎ ከፈታት።

አንድ ሽማግሌ መንዙማ ይላሉ። ከኋላ እልልታ አለ፤ ሕፃን ያለቅሳል። ወንድማችን ዝም ብሎ ቆየና «አያቴ ናቸው» አለ። ከሞቱ ቆይተዋል።

ቴፕ አዲሱን የሚቀዳው የነበረውን ቀድሞ እያጠፋ ነው። ቀይዋን ቁልፍ ብንጫን ኖሮ፣ ሽሽታውን ስንፈልግ ሰውየውን እናጠፋቸው ነበር። አልሐምዱሊላህ፤ በሽቦ ከላፕቶፕ አገናኝተን ገለበጥናቸው።

ለእረፍት አገር ቤት የምትሄዱ እህት ወንድሞች፣ የቤታችሁን ካሴት ሳትሰሙ አትጣሉ። ክሩ ከሚታይበት ተቃራኒ ጠርዝ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ስበሯቸው፤ ከዚያ በኋላ ቴፑ አይቀዳበትም። ቶሎም ገልብጡት፤ ክር ያረጃል።

የኛ መንዙማ በስልክ እንደተቀዳ ይቀርባል፤ ከሳቸው ቀጥሎ ኢንሻአላህ። አላህ ይዘንላቸው።